ጣት ላይ የሚሰካ፣ በአፍ የሚነፋ ወይስ ሪፈር? የትንፋሽ ምርመራ መምረጫ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ጋግራለች። በእንጨት፣ በኩበት፣ ሲጠፋ ደግሞ በባሕር ዛፍ ቅጠል። ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ሳሉ ሲጀምራት "ብርድ መታኝ" አለች። ቀጥሎ "አስም ነው" ተባለች። አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ጣቷ ላይ መለኪያ ሰኩላት። 95 አለ። "ሳንባዎት ደህና ነው" ተብላ ተመለሰች።

ደህና ግን አልነበረችም። ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ትቀመጥ ነበር። ቤት ደርሳም ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም በቱቦ አስነፋት። የአየር ቧንቧዋ በቋሚነት መጥበቡ የታወቀው ያን ቀን ነው። በሽታው ሲኦፒዲ ይባላል።

ያ 95 ትክክል ነበር። ደሟ ውስጥ በቂ ኦክስጅን ነበረ። የቧንቧ መጥበብን ግን ያ መሣሪያ ማየት አይችልም። እኛ ይህን አናውቅም ነበር፤ የነገረንም አልነበረም። እነዚያ ሁለት ዓመታት አሁንም ያንገበግቡኛል። ስለዚህ እዚህ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂዱ፣ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልም ሂዱ፣ ሰፈራችሁ ያለ የግል ክሊኒክም ግቡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ምርመራ ምን እንደሚነግራችሁ እወቁ።

ምርመራ ከመምረጥ የሚቀድም ነገር

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያቃተው፣ ከንፈሩና ምላሱ ወደ ሰማያዊነት የሄደ፣ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ካለ ምንም አትምረጡ። ባጃጅ ጥሩና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ የአክታ ምርመራ ይቅደም። ቲቢ ሳይጣራ ቱቦ መንፋት ለእናንተም ለባለሙያውም ለቀጣዩ ታካሚም ጥሩ አይደለም። በመንግሥት ተቋም የቲቢ ሕክምና በነጻ ነው፤ ስለ ገንዘብ ብላችሁ አታዘግዩት።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ፣ ምርመራው የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው? ቧንቧው ጠቧል ወይ? ሳንባው ራሱ አንሷል ወይ? ኦክስጅን ወደ ደም እያለፈ ነው ወይ? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ምን ሊያሳስተው ይችላል? ሦስተኛ፣ ከታማሚው ምን ያህል ጥረት ይፈልጋል? አራተኛ፣ ቤት ውስጥ መደጋገም ይቻላል ወይ? አምስተኛው ወጪው ነው። ወጪ ስል የመመርመሪያውን ክፍያ ብቻ አይደለም። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ሰው ጀልባው፣ አልጋውና የቀረበት የሥራ ቀን ሁሉ ይደመራል።

ስፓይሮሜትሪ፦ በቱቦ የሚነፋው

አንድ ምርመራ ብቻ የማሠራበት ገንዘብ ቢኖረኝ ይህን ነው የማሠራው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሳንባን እንደ አንጥረኛ ወናፍ አስቡት። ወናፉ ሁለት ዓይነት ችግር ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው አፉ ሲጠብ ነው፤ አየሩ አለ፣ ግን ቶሎ አይወጣም። ሁለተኛው ወናፉ ራሱ ሲያንስ ወይም ሲደርቅ ነው፤ መጀመሪያውኑ የሚሞላው አየር ጥቂት ነው። አስምና ሲኦፒዲ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ከቲቢ በኋላ የቀረ ጠባሳ ወይም የሳንባ መድረቅ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ። ኤፍቪሲ የሚባለው እስከ መጨረሻው ስትነፉ የወጣው ጠቅላላ አየር ነው። ኤፍኢቪ1 በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ የወጣው ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ንጽጽር ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 3 ሊትር ሆኖ በመጀመሪያዋ ሰከንድ 2.4 ሊትር ከወጣ ንጽጽሩ 0.80 ነው፤ ጥሩ ነው። 1.5 ሊትር ብቻ ከወጣ 0.50 ነው፤ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ንጽጽሩ ጥሩ ሆኖ ጠቅላላው ካነሰ ደግሞ ወናፉ ራሱ አንሶ ይሆናል። ለእርግጠኝነት ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ምርመራው ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት፤ መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊትና ከወሰዳችሁ በኋላ። በመሐል ሳልቡታሞል የሚባለው፣ በአፍ የሚሳብ ቧንቧ ከፋች መድኃኒት (ፓፍ) 4 ጊዜ ይሰጣችሁና 15 ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። ከፓፉ በኋላ ኤፍኢቪ1 በ12 በመቶና ቢያንስ በ200 ሚሊ ሊትር ካደገ ነገሩ ወደ አስም ያጋድላል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ መለኪያ ነው። ከፓፉ በኋላም ንጽጽሩ ከ0.70 በታች ከቀረ፣ ምልክቱና የጭስ ወይም የሲጋራ ታሪኩ ካለ፣ ሲኦፒዲ ይባላል። እናቴ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። "በፊት" የሚለውን ብቻ ሠርቶ የሚያሰናብት ቦታ ከሆነ ግማሽ መልስ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ካርድ ስታወጡ ጠይቁ።

ድክመት አለው። አስም ያለበት ሰው ደህና በሆነበት ቀን ቢነፋ ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ውጤት "አስም የለም" ማለት አይደለም። ሌላው ድክመት ሁሉም ነገር በነፊው ጥረት ላይ መንጠልጠሉ ነው። እስኪሞላ ስባችሁ፣ በአንድ ጊዜ በኃይል፣ ከዚያም አየሩ እስኪያልቅ መንፋት አለባችሁ። ብዙ አዋቂ ቢያንስ 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ባለሙያው "ቀጥሉ! ቀጥሉ!" እያለ ቢጮህባችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቢያንስ 3 ጥሩ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ ኤፍኢቪ1 ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ መለያየት የለባቸውም። አንዴ አስነፍቶ "ጨርሰናል" የሚል ካለ እንዲደግምላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ ጾም አያስፈልግም፣ ግን ጠግባችሁ አትሂዱ። መቀነት ያሠረ መቀነቱን ያላላ። ሽንት ቤት ግቡ፤ በኃይል መንፋት ፊኛን ይጫናል። ቡና የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ያሰፋል፤ የጠዋቱን ቡና ከምርመራው በኋላ አፍሉት። ፓፍ የምትወስዱ ከሆነ መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ምርመራው ይበላሻል ብላችሁ ፓፋችሁን አትከልከሉ። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠመው፣ የዓይን፣ የደረት ወይም የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ ወይም ደም የሚተፋ ሰው ሳይናገር አይንፋ።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ አገር በተለይ መታየት አለበት። ማሽኑ "ይህን ያህል መንፋት ነበረበት" የሚለውን ግምት የሚያወጣው ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከጾታ ነው። ዕድሜ በግምት ከተነገረ ግምቱ ይዛባል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው "1960" ብሎ ቢናገርና ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተቀበለው፣ ሰውዬው ከ7 እስከ 8 ዓመት ይሸመግላል። ከሽማግሌ የሚጠበቀው ትንፋሽ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የታመመ ሳንባ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይወጣል። የተወለዳችሁበትን ዓመት ስትነግሩ "በኛ አቆጣጠር" በሉ። ከዚያም ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ራሳችሁ አረጋግጡ። ጫማችሁንም አውልቃችሁ ተለኩ።

አዲስ የአፍ መንፊያ ለእናንተ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ። ማሽኑ በየቀኑ በ3 ሊትር ሲሪንጅ ይፈተሽ እንደሆነም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፒክ ፍሎው፦ ቤት የሚገባው መለኪያ

በእጅ የሚያዝ ቱቦ ነው። ጠቋሚ አለው፣ ባትሪ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አየሩ በምን ፍጥነት እንደወጣ ብቻ ይለካል። ቆማችሁ 3 ጊዜ ትነፋላችሁ፣ ትልቁን ትጽፋላችሁ።

ጥቅሙ ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። ስፓይሮሜትሪ የአንድ ቀን ፎቶ ከሆነ ይህ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ለ2 ሳምንት፣ ደብተር ላይ። አስም የሚወጣና የሚወርድ በሽታ ስለሆነ በደብተሩ ይያዛል። አንድ ቀን ጠዋት 300፣ ማታ 360 ቢሆን ልዩነቱ 60 ነው፤ ለአማካዩ 330 ሲካፈል 18 በመቶ ይመጣል። የየቀኑን እንዲህ አውጥታችሁ የሁለት ሳምንቱ አማካይ በአዋቂ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ አስምን ያመለክታል።

እኔ ይህን መሣሪያ የምወደው በጭስና በአቧራ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት የመጋገሪያውን ቀንና የዕረፍቱን ቀን ለይታ ትጻፍ። አረቄ የምታወጣም እንዲሁ። በጥጥ አቧራ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራ ሲገባና ሲወጣ፣ በዕረፍት ቀኑም ይንፋ፤ የጥጥ አቧራ በሽታ ከዕረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ደረትን በማጨናነቅ ይታወቃል። ሐኪም ፊት የሚቀርብ እንዲህ ያለ ደብተር ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

አስማቸው ለታወቀ ደግሞ የራሳቸውን ምርጥ ቁጥር ይዘው በሦስት ቀለም ይከፍሉታል። ከምርጡ 80 በመቶና በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 79 ቢጫ፣ ከ50 በታች ቀይ። ቀይ ሐኪም ቤት ነው። ምርጡን ቁጥር ደህና በሆናችሁበት ሳምንት ያዙ። ኅዳር ሲታጠን ከተማው በጭስ በሚሸፈንበት ኅዳር 12 የተነፋ ቁጥር ምርጥ አይሆንም፤ ለብቻው ምልክት አድርጉበት። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን ሠንጠረዥም ብዙ አትመኑት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ባለ ጠቋሚው መሣሪያ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ከሠንጠረዥ ይልቅ ከራሳችሁ ጋር ተወዳደሩ።

ለሲኦፒዲ ግን ደካማ ነው። ቁጥሩ ደህና መስሎ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ተዘግተው ሊሆን ይችላል። የሳንባ መድረቅንም አያይም።

ጣት ላይ የሚሰካው፦ ፐልስ ኦክሲሜትር

ከኮሮና ወዲህ ብዙ ቤት ገብቷል። ቀላል ነው፣ ጥረት አይፈልግም፣ ሕፃንም ሽማግሌም ይለካበታል። የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ ደም ውስጥ ስንት በመቶ ኦክስጅን አለ? የበሽታውን ስም አይነግርም። የእናቴን ታሪክ ያስታውሱ።

ልኬቱም ሊሳሳት ይችላል። እጅ ከቀዘቀዘ፣ ጥቁር ሂና ወይም ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለም ካለ፣ እጅ ከተንቀሳቀሰ ቁጥሩ ይዛባል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ የማሳየት ባሕርይ አለው። እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። 5 ደቂቃ ዐረፍ ብላችሁ፣ እጃችሁን አሙቃችሁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ።

ባሕር ዳር ላይ ጤነኛ ሰው 94 ወይም 95 ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በተደጋጋሚ 92ና ከዚያ በታች ካሳየ ሐኪም ይያችሁ። ከ90 በታች ከሆነ አታሳድሩት። ሲኦፒዲ የቆየበት ሰው ግን ሐኪሙ የሚያወጣለት ልክ ሊለይ ይችላል። "ከፍታው ነው" በሚል አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ፣ ኦክስጅናቸው በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ከጣና ዳር በብዙ የሚበልጥ ከፍታ ነው። እዚህ የሚታይ 89 በከፍታ አይመካኝም።

የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ

ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሲያሳዝን። 30 ሜትር የሚሆን ሜዳ ኮሪደር፣ ሰዓትና የጣት መለኪያ ይበቃዋል። 6 ደቂቃ በራሳችሁ ፍጥነት ትሄዳላችሁ፣ ርቀቱና ኦክስጅኑ ይመዘገባል። ተቀምጦ 95 የነበረ ሰው ሲራመድ 86 ሊደርስ ይችላል። የሳንባ መድረቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጋለጠው እንዲህ ነው። የቤዛዊትን ዳገት ስትወጡ ብቻ የሚያጥራችሁ ከሆነ ተቀምጣችሁ የተለካችሁት አይበቃም፤ ይህን ጠይቁ። የደረት ሕመም ያለበት ግን በራሱ ቤት አይሞክረው።

ሪፈር የሚያስፈልጋቸው

በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ምርመራ ሳንባው የሚይዘውን ጠቅላላ አየር ይለካል፤ "ወናፉ አንሷል" የሚለውን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ሌላው ጋዝ ስበው 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽ የሚያዝበት ነው፤ ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚሻገርበትን አቅም ያሳያል። ደም ማነስ ውጤቱን ዝቅ ስለሚያደርገው የሄሞግሎቢን ውጤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከእጅ አንጓ ደም ወሳጅ የሚቀዳው የደም ምርመራ ያማል፣ ግን ለከባድ ታማሚ ከጣት መለኪያው እጅግ የታመነ ነው። እነዚህን በራሳችሁ አትምረጡ። ስፓይሮሜትሪ ሳትሠሩ ወደ እነሱ መሮጥ ገንዘብ መበተን ነው።

ራጅ የትንፋሽ ምርመራ አይደለም፣ ፎቶ ነው። የአስም ታማሚ ራጅ ብዙ ጊዜ ንጹህ ሆኖ ይወጣል።

በአንድ ዓይን

| ምርመራ | የሚመልሰው | የማያየው | ጥረት | ቤት ይሠራል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስፓይሮሜትሪ | ቧንቧው ጠቧል? በፓፍ ይከፈታል? | ኦክስጅን፤ በደህና ቀን አስም | ብዙ | አይ | መካከለኛ |
| ፒክ ፍሎው | ትንፋሹ ከቀን ቀን ይለዋወጣል? | ሲኦፒዲን በደንብ፣ የሳንባ መድረቅ | መጠነኛ | አዎ | ዝቅተኛ፣ አንዴ ተገዝቶ |
| የጣት መለኪያ | አሁን ኦክስጅን ስንት ነው? | የበሽታው ዓይነት | የለም | አዎ | ዝቅተኛ |
| የ6 ደቂቃ ጉዞ | ሲራመዱ ኦክስጅን ይወርዳል? | ምክንያቱን | መጠነኛ | አይ | ዝቅተኛ |
| የሳጥንና የጋዝ ምርመራ | ሳንባው አንሷል? ኦክስጅን ይሻገራል? | የዕለት መለዋወጥ | ብዙ | አይ | ከፍተኛ፣ ከነጉዞው |

ለማን የትኛው?

*ትንፋሹ የሚመጣና የሚሄድ፣ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ወጣት፦* ስፓይሮሜትሪ በፊትና በኋላ። ጥሩ ከወጣ ወይም ገንዘቡ ካልደረሰ ፒክ ፍሎው ገዝቶ የ2 ሳምንት ደብተር። ፓፍ ሲታዘዝለት ስፔሰር (ፓፉ ላይ ተሰክቶ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ የሚያደርሰውን ዕቃ) ካጣ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ግርጌውን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ መጠቀም እንደሚቻል የጤና ባለሙያ ያሳየው። ፓፍ አፍ ውስጥ ተረጭቶ ከቀረ ምንም ምርመራ አያድነውም።

*በጭስ የኖረች፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናት፣ ስትሄድ የሚደክማት እናት፦* ስፓይሮሜትሪ ግድ ነው። በጣት መለኪያ ብቻ እንዳትመለስ።

*ቲቢ ታክሞ የዳነ፣ ግን ትንፋሹ ያልተመለሰለት፦* ቲቢው ተመልሶ አለመሆኑ ይጣራ። ከዚያ ስፓይሮሜትሪና የ6 ደቂቃ ጉዞ አብረው። ሪፈር ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ይህ ነው። ጠባሳ የተወውን ጉዳት እንደ አዲስ ቲቢ ደጋግሞ ማከም ሰውን ያደክማል።

*ከደሴት ወይም ከገጠር ለአንድ ቀን የመጣ፦* ስፓይሮሜትሪውንና የ6 ደቂቃውን ጉዞ በአንድ ቀን አሠርቶ ፒክ ፍሎው ይዞ ይመለስ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ያለው ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ሳይዝ አይነሳ፤ ምርመራው በመድኅኑ ይሸፈን እንደሆነም እዚያው ይጠይቅ።

*ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፦* ቱቦ መንፋት አይችልም። ለእሱ ትልቁ የትንፋሽ ምርመራ ሰዓት ይዞ መቁጠር ነው። ሳል ያለበት ሕፃን ሲረጋጋ ደረቱን እያያችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ።

የትኛውንም ብታሠሩ "ኖርማል ነው" የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ግራፉ ያለበትን ገጽ ኮፒ ጠይቁ። የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከዘንድሮው ጎን ሲቀመጥ ነው። የማንኛውም አዋቂ ኤፍኢቪ1 በየዓመቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ከዚያ በላይ ቀንሶ እንደሆነ ነው። እናቴ የመጀመሪያዋን ወረቀት ከመታወቂያዋ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ባለፈው ሌላ ሐኪም ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቃት እሱን ነበር።